የፌርማታዋ ሽማግሌዎች

ባለቤቴ ፍሬገነት የሐዲድ ውል ታረቅቃለች። ሰው ሥራዋን ሲጠይቀኝ ይህንኑ እመልሳለሁ፤ ግማሹ ባቡር ነጂ ናት ብሎ ይሄዳል፣ ግማሹ ደግሞ ጠበቃ። አልፈርድበትም። እኔ ጆሃንስበርግ አጠገብ፣ ጀርሚስተን ውስጥ ብርድ ልብስና መጋረጃ የምሸጥ ሰው ነኝ፤ አብሬያት እየኖርኩ እንኳ ነገሩ በቅጡ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሐዲዱ የአንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ መንገደኛ የሚያመላልሱት ባቡሮች ደግሞ የሌላ ኩባንያ። ኩባንያው በሰው ሐዲድ ላይ ለመሄድ ይዋዋላል፤ የትኛው ባቡር መቼ እንደሚያልፍ፣ የት የት እንደሚቆም በውሉ ይሰፍራል። ከዚያ በኋላ አንዲት ፌርማታ ለመቀነስ ቢፈለግ ውሉ መሻሻል አለበት። ፍሬ ሐዲዱን በያዘው መሥሪያ ቤት ተቀምጣ ማሻሻያውን ታዘጋጃለች። የሚወስኑት ሌሎች ናቸው።

ዘንድሮ ማዕድን የሚጭኑ ባቡሮች በዙና መስመሩ ተጨናነቀ። ከቮስሎሩስ መንደር በኩል ወደ ጀርሚስተን በሚመጣው መስመር ላይ አንዲት ትንሽ ፌርማታ አለች፤ ጣሪያዋ ተገንጥሎ ተወስዷል፣ አግዳሚ ወንበሯም የት እንደገባ አይታወቅም። የመንገደኛው ባቡር እዚያ ሲቆም ከኋላ ያለውን ጭነት ያስጠብቃል። ስለዚህ ኩባንያው ፌርማታዋ ከውሉ ትውጣልኝ አለ። የሚሳፈርባት ሰው ጥቂት ነው ተባለ።

ከጥቂቶቹ አንዷ ኤርጎጌ ናት። ኤርጎጌን እዚህ ካለን ያገራችን ሰዎች የማያውቃት የለም። ባሏ ደጉ ከሠርግ ሲመለሱ በታክሲ አደጋ ሞተ፤ ያ ዐሥራ ምናምን ሰው የሚጭነው ታክሲ ሌላውን ቀድማለሁ ሲል ነው የተገለበጠው። እሷ አጠገቡ ነበረች። አገጯ ላይ ትንሽ ጠባሳ ይዛ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ጎማ ያለው ነገር ላይ ወጥታ አታውቅም። የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች ጸለዩላት፣ መከሯት፣ አንዳንዶቹም እጇን ይዘው እስከ መኪና በር አደረሷት። በሩ ጋ ስትደርስ እግሯ እንቢ ይላል። ባቡር ግን አትፈራም። ለምን ሲሏት፣ ባቡር ባቡርን አይቀድምም ትላለች። ከተማ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ በዚያች ሥራ ሴት ልጇን ታሳድጋለች። ፌርማታዋ ከተዘጋች ሥራው ቀረ ማለት ነው። ነገሩ ይኸው ነበር።

አንድ እሑድ ለምሳ ቁጭ ልንል ስንል በር ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሰዎች ሱፍ ለብሰው ቆመዋል። ከፊት ያሉት ጋሼ ዱካሞ ናቸው፤ ቮስሎሩስ ውስጥ ስፓዛ የሚሏት ትንሽ የመንደር ሱቅ ያላቸው፣ የቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌ። ከኋላቸው የጀርሚስተኑ ነጋዴ ሀይለየሱስ፣ ከእሱም ኋላ ዝምተኛው ምሕረቱ። በእሑድ ቀን ሦስት ሰው በሱፍ ሲመጣ ሽምግልና መሆኑን ማንም ያውቃል። እኔ ከማን ጋር ተጣላሁ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። ሁለት ሦስት ሰው ትዝ አለኝ።

ግቡ አልን፤ ገቡ። ተቀመጡ አልን፤ አልተቀመጡም። የጋሼ ዱካሞ የቀኝ ጉልበት ከታመመ ቆይቷል፤ ያንን እግር አሳርፈው ግድግዳውን ደገፍ አሉና ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሚስቴ ዞሩ።

«ልጄ፣ እሺ እስክትይን አንቀመጥም፤ እህልሽንም አንቀምስም» አሉ። «የኤርጎጌን ፌርማታ አትሰርዢባት።»

ፍሬ ክው አለች። ከዚያም እንደ ልማዷ ረጋ ብላ ማስረዳት ጀመረች። እሷ እንደማትወስን፣ ያዘዟትን እንደምታረቅቅ፣ ከበላይዋ ስንት ሰው እንዳለ ነገረቻቸው። ሽማግሌዎቹ በትሕትና ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሟት። በሽምግልና ደግሞ የመጀመሪያው እንቢታ ወግ ነው፤ ልጁን የሚድር አባት እንኳ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም። ስለዚህ እሷ አልችልም ባለች ቁጥር እነሱ ነገሩ መልካም እየሄደ ነው ብለው ይበልጥ ፊታቸው ይፈካል። ሀይለየሱስ ጭራሽ ወደ እኔ ፈገግ አለ። ጥብሱ ጠረጴዛው ላይ እየቀዘቀዘ ነበር፤ እኔም ዓይኔን ከእሱ ላይ አላነሣሁም።

በመጨረሻ ፍሬ ራሷ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ጋሼ ዱካሞ፣ ይህ የወግ እንቢታ አይደለም። ለዚህ ጉዳይ ቤቴ ድረስ ስለመጣችሁ ነገ ለአለቃዬ መናገር አለብኝ። ስናገር ደግሞ ሥራው ከእጄ ይወጣል።»

ሀይለየሱስ ቀስ ብሎ፣ ታዲያ አለመናገር ነዋ አለ። ፍሬ ቀና ብላ አየችው። እነዚህ መጤዎች ሁሉን ነገር በጓሮ በር ነው የሚያስጨርሱት እየተባልን በምንኖርበት አገር እሷም ያንኑ ልታደርግ እንደሆነ ጠየቀችው። የጋሼ ዱካሞ ፊት ግን ሲለዋወጥ አየሁ። ኤርጎጌን ሊረዱ መጥተው፣ ጉዳዩ ከሚታይበት ጠረጴዛ አንዲቷን የኛን ሰው አስነሡ። ሁላችንንም እጅ ነሥተው፣ ጉልበታቸውን እየጎተቱ ወጡ። ምሕረቱ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

እኔ ነደደኝ። መሥሪያ ቤት የሠርግ ቤት መሰላቸው ወይ፣ ስንት ዓመት የለፋሽበትን እንጀራ ሊያሳጡሽ ነው ብዬ ጮህኩ። ፍሬ የቀዘቀዘውን ሥጋ ወደ ምጣዱ እየመለሰች ሰማችኝና፣ ያ ጉልበታቸው እንደዚያ ሆኖ ለማትዛመዳቸው ሴት ቆመው ዋሉ፣ ስለ እነሱ ክፉ አትናገር አለችኝ። ምሳውን እንደነገሩ ነው የበላሁት።

በማግሥቱ ለአለቃዋ ለታንዴካ ነገረቻት። ታንዴካ አልተቆጣችም፤ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ ብላ ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጠችው። ፍሬ ቤት መጥታ አለቀሰች። ማልቀሷ ለራሷ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እሷ ብትሆን ኖሮ ማሻሻያው ውስጥ ቢያንስ የሰዎቹን ችግር ታሰፍር ነበር። እንባዋን ጠርጋ ግን ስልክ አነሣች። ውል ከመሻሻሉ በፊት ተሳፋሪዎች የሚሰሙበት ስብሰባ እንዳለ፣ ማስታወቂያውም ፌርማታዋ ላይ እንደተለጠፈ መናገር ይፈቀድላት እንደሆነ ታንዴካን ጠይቃ፣ ይህንን ማንም ሊናገር ይችላል ተብላ ነበር። ለጋሼ ዱካሞ፣ ሽማግሌ የሚላከው እዚያ ነው አለቻቸው። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አልጨመረችም።

ስብሰባው ጀርሚስተን ውስጥ በአንድ አዳራሽ ነበር። ፍሬ መሄድ አይገባኝም ብላ ቀረች፤ እኔ ሄድኩ። ሦስቱ ሽማግሌዎች እነዚያኑ ሱፎች ለብሰው መጡ፤ ኤርጎጌም ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከኋላ ተቀመጠች። ከአዳራሹ ውጪ፣ ከባቡር ጣቢያው በእግሯ ስትመጣ አይቻት ነበር። ሰብሳቢው መነጽሩን አድርጎ መናገር ሲጀምር ሦስቱ ግድግዳው ሥር ቆመዋል። ወንበር ሞልቷልና ተቀመጡ አላቸው። እናመሰግናለን ብለው ቆሙ። ደግሞም ተቀመጡ አላቸው። ጋሼ ዱካሞ እንግሊዝኛቸው ደካማ ነው፤ ስፓዛቸው መስኮት ላይ ያገኙት ዙሉኛ ግን ለመንደሩ ሕፃንም ለሽማግሌም የሚበቃ ነው። በእሱ ተናገሩ። እሺ የሚል ቃል እስክንሰማ በአገራችን ወግ አንቀመጥም፤ የምንለምነው ያቺ ባለ ጠባሳ ልጃችን ወደ ሥራዋ የምትሄድባት ፌርማታ እንዳትዘጋ ነው አሉ።

መሐል ላይ የተቀመጡ አንዲት ጎጎ ነበሩ፤ ራሳቸው ላይ ሻሽ የጠመጠሙ የቮስሎሩስ አሮጊት። ይህን ሲሰሙ እጃቸውን አጨበጨቡ። ለጎረቤታቸው፣ የኛም ሙሽራ ጠያቂዎች ከአጥር ውጪ ቆመው ነው እስኪጠሩ የሚጠብቁት አሉ። ከዚያም ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡና ከጋሼ ዱካሞ ጎን ሄደው ቆሙ። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ተነሣ። ሁለት ሴቶች ተነሡ። ጥቂት የተባሉት ተሳፋሪዎች ግድግዳውን ሞሉት። የተቀመጠችው ኤርጎጌ ብቻ ነበረች፤ እሷም ሻርቧን ፊቷ ላይ ስባ መሬት መሬት ታያለች።

ሰብሳቢው ደግ ሰው ይመስለኛል። መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። አሁን እዚህ እሺ ልላችሁ አልችልም አለ። ጋሼ ዱካሞ ይህን ሲሰሙ ዝቅ ብለው እጅ ነሡት፤ ለእሳቸው የመጀመሪያው ቀን እንቢታ ነበራ። ከስብሰባው ሲወጡ ፊታቸው በርቷል። አንጀቴን በሉት። ያለ ወግ የሚሰጥ እንቢታ እንዳለ ልነግራቸው ፈልጌ ተውኩት።

የተሻሻለው ውል የወጣው ክረምቱ ሲገባ ነው። ፍሬ እንደማንኛውም ሰው ይፋ ሲሆን አየችውና ጋሼ ዱካሞን ሱቃቸው ድረስ ሄደን ነገርናቸው። ጠዋት የሚመጣው ባቡር ፌርማታዋ ላይ መቆሙን ይቀጥላል፤ የማታው ግን ሳይቆም ያልፋል። ኤርጎጌ ወደ ሥራዋ መሄድ ትችላለች ማለት ነው፤ ስትመለስ ግን ባቡሩ ሠፈሯን አልፏት ሄዶ ቀጣዩ ጣቢያ ላይ ያወርዳታል። ከዚያ ወደ ኋላ በእግር መንገዱ ረጅም ነው፣ ሲመሽ ደግሞ ሴት ብቻዋን የምትሄድበት አይደለም። ጋሼ ዱካሞ ለአንዲት ልጅ ዳቦ በመስኮቱ አሾልከው ሰጡና ጥቂት አሰቡ።

«ግማሽ እሺ ነው» አሉ። «ስለዚህ ገና አልተቀመጥንም።»

ያልተቀመጡትም ከልባቸው ነው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሦስቱ ተራ ገብተው ማታ ማታ ከጣቢያው እየተቀበሉ በእግር ይሸኟት ጀመር። ያን ጊዜ ነው በራሴ ያፈርኩት። እኔም ተራ ገባሁ። ተራ ይባል እንጂ ጋሼ ዱካሞ በሀይለየሱስም ቀን ይመጣሉ፣ በኔም ቀን ይመጣሉ። የጆሃንስበርግ ክረምት ደረቅ ነው፤ ብርዱ ጆሮ ይቆነጥጣል። ባለ ታክሲዎቹ እየተጠጉን ጥሩንባ ይነፋሉ፣ ጣታቸውን እያወዛወዙ የት እንደምንሄድ ይጠይቃሉ። ጋሼ ዱካሞ በዙሉኛ ሰላምታ፣ ሳውቦና ወንድሜ፣ ሂድ ብለው ያሳልፏቸዋል። ኤርጎጌ ይቅርብዎ ስትላቸው መልሳቸው አንድ ነው፤ ሐኪም ተንቀሳቀስ ብሎኛል ይሏታል። ሐኪም ዘንድ ሄደው እንደማያውቁ ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ማታ ንፋሱ በጣም በርትቶ ነበር። ግማሽ መንገድ እንደሄድን ጋሼ ዱካሞ የሽቦውን አጥር ያዙና ቆሙ። ጎንበስ ብለው፣ ቀጥሉ፣ የጫማዬን ክር ልሰር ነው አሉ። ጫማቸው ክር አልነበረውም። እኔ ያላየሁ መሰልኩ። ኤርጎጌ ግን ቆማ ጫማቸውን አየች፤ ከዚያም አጥሩን የጨበጠውን እጃቸውን።

ያኔ አንድ ታክሲ ጥሩንባውን እየነፋ ደረሰ። ሂድ ለማለት እጄን ሳነሣ የእሷ እጅ ቀድሞኝ ተነሥቷል። ታክሲው ቆመ፣ በሩ ተንሸራቶ ተከፈተ። ኤርጎጌ በሩ ጋ ደረሰች፤ ደረሰችና እግሯ እንደ ድሮው እንቢ አለ። ነጂው ምነው እያለ ነው፤ ውስጥ ያሉትም አንገታቸውን አወጡ። ጋሼ ዱካሞ አጥሩን ለቀው እያነከሱ መጡና፣ ልጄ ግድ የለም፣ በእግራችን እንሄዳለን አሏት።

ኤርጎጌ ዞር ብላ ክንዳቸውን ያዘች።

«እሺ ብያለሁ፣ ጋሼ» አለቻቸው። «አሁን ይቀመጡ።»

እሳቸውን አስቀደመች። ተደግፈዋት ወጡና የመጀመሪያው ወንበር ላይ ጉልበታቸውን ዘርግተው ተቀመጡ፤ እሷም ሳታስበው ተከትላቸው ገብታ ነበር። አጠገባቸው ተቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ከበሩ ጋ ተጣበቅሁ። ኤርጎጌ ለነጂው በዙሉኛ፣ ወንድሜ ማንንም እንዳትቀድም አለችው። ሰውየው በመስታወቱ አያት፤ ምን እንዳየ አላውቅም፣ ጥሩንባውንም ሙዚቃውንም ትቶ ቀስ ብሎ ነዳ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ጋሼ ዱካሞ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

የማታው ባቡር የማይቆምባት ፌርማታ ጋ አውርደን አለችው። ታክሲው ቆመ። ኤርጎጌ ወርዳ፣ እግሯ በደህና መሬት መንካቱን ያላመነች ይመስል ወደ ታች አየች፤ ከዚያ እጇን ዘረጋችላቸው። ጋሼ ዱካሞ ግን አልተነሡም። እንባቸው ጢማቸው ውስጥ ገብቷል።

«ትንሽ ልቀመጥ» አሉ።