ጣሪያና ወለል

ልደትና ባሏ ዘርይሁን ካርቱም ውስጥ ቡሪ ሰፈር ያደጉ የስደተኛ ልጆች ናቸው። ከሥራ ሲመለሱ አንድ ላፕቶፕ ላይ ተደፍተው ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም ይጽፉ ነበር። ከጦርነቱ በፊት በነበረው ክረምት ግን ዘርይሁን ሱዳናዊቷን የመሥሪያ ቤት ባልደረባውን ሉጥፊያን ይዟት መጣ።

ፕሮግራሙ ሊመጡ የሚችሉ እርምጃዎችን ሲፈትሽ ለውጤቱ ወለልና ጣሪያ ያበጃል፤ ከወለሉ በታች ያለው አይረባውም፣ ከጣሪያው በላይ ያለውን ተጋጣሚው አይፈቅድለትም። ሉጥፊያ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት አጠበበችውና ፕሮግራሙ እጅግ ፈጠነ።

"አየሽ እንዴት እንዳሰበችው?" አለ ዘርይሁን።

የልደትን ሥራ አይቶ ዓይኑ እንዲህ በርቶ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ለሉጥፊያ ሻይ ስትቀዳ ሆን ብላ ስኳር ታሳንስባት ጀመር።

አንድ አርብ ፕሮግራሙ እያሸነፈ ሳለ ንግሥቱን በከንቱ አስበላ። ልደት ደስ አላት። አፈረች፤ ግን ደስ አላት።

"አንቺ ሳትመጪ እንዲህ አድርጎ አያውቅም" አለቻት በዓረብኛ።

ልደት ላፕቶፑን ሳብ አድርጋ የሉጥፊያን መስመሮች አንድ በአንድ ፈተሸች። ውጤቱ ከክፍተቱ ሲወጣ ክፍተቱን አስፍቶ እንደገና ይፈትሻል፤ እንከን የለውም። ወረድ ስትል የተገኘው ውጤት ለሌላ ጊዜ የሚቀመጥበት ክፍል ላይ ደረሰች። ጣሪያውን ነክቶ የተቋረጠው ውጤት "ቢያንስ ይህን ያህል" መባል ሲገባው "ልክ ይህን ያህል" ተብሎ ተቀምጧል። ይህን የጻፈችው ራሷ ልደት ናት። ክፍተቱ ሰፊ ሳለ ስህተቱ ጎልቶ አልታየም ነበር።

"አይተሽው ነበር?" አለቻት ሉጥፊያን።

"ገና እንደመጣሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ያንቺ ሥራ ነዋ። ባልሽ ፊት ማረም ከበደኝ። ማሌሽ፣ ይቅርታ።"

ልደትን ከዚህስ ብትሰድባት ይሻላት ነበር። መስመሩን አስተካከለችው፤ ሲደግሙት ንግሥቱ ተረፈች። ዘርይሁን ትከሻዋን መታ አድርጎ "ጎበዝ!" አላት። ስትመኘው የኖረችው ቃል ነበር፤ አሁን ግን ሉጥፊያ የመጸወተቻት መሰላት።

"ያላ፣ ልሂድ፣ ሓፍላ ሳይጠፋ" ብላ ሉጥፊያ ተነሳች። ዘርይሁን ሊሸኛት ጫማውን ሲፈልግ፣

"አንተ ቁጭ በል። እኔ እሸኛታለሁ" አለች ልደት።

እስከ አስፋልቱ ጎን ለጎን ሄዱ። ሓፍላ የሚሉት ሚኒባስ ሲቆም ልደት ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

"ከእንግዲህ ስህተት ካየሽ ንገሪኝ። እሱ ባለበትም ቢሆን።"

"ኢንሻላህ" አለች ሉጥፊያ፤ ሳቅ ብላ ገባች።

ልደት ቀለል ብሏት ተመለሰች። በሩን ስትከፍት ዘርይሁን ከላፕቶፑ ቀና ሳይል፣

"ሓፍላ አገኘች?" አላት።

"አገኘች" አለችና የሻዩን ብርጭቆዎች እያንኳኳች አነሳች።