የወፍራሙ ሌባ ስም

ከድንኳኑ ጥግ አንድ ሰው ሳቀ። በመዳፉ አፉን ለማፈን ቢሞክርም ሳቁ አመለጠው፤ አጠገቡ የተቀመጡት ሁለቱ ደግሞ ራሳቸውን አቀርቅረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

አናጢው ደሳለ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሚስቱ አሰለች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። ከጎኗ የነበረችው የሟች ታላቅ እህት ባንችይርጋ የንፍሮውን ሰፌድ ቁጭ አድርጋ ብድግ አለች።

«ምንድን ነው እሱ? አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ!»

«ይቅርታ፣ እትየ ባንችይርጋ፣» አለ የሳቀው። ጋሻዬ የሚባል ግንበኛ ነው፤ ከደሳለ ጋር ብዙ ቤት ሠርቷል። «ደሳለን እያነሳነው ነበር። የፊልሙ ወፍራም ሌባ መስኮቱ ላይ ሲቀረቀር ደሳለ የሚላት አለች አይደል? ‹እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚሁ እከርማለሁ›...»

ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ከሴቶቹም በኩል የታፈነ ሳቅ ተሰማ። አሰለች ባንችይርጋ ፊቷን እንዳታይባት አጎነበሰች። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የባሏን ድምፅ የሰማች መስሏት ነበር።

«ይኸ ሁሉ የዚያ የባለቪዲዮው ጣጣ ነው፣» አለች ባንችይርጋ እየተቀመጠች። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው የሌባ ፊልም እያሳየ ወንድሜን የከተማ መሳቂያ አደረገብኝ። ቢመጣም እንኳን ደህና መጣህ ብየ አላስቀምጠውም። እዚህ ድንኳን እግሩን አያስገባም።»

ባንችይርጋ ኑሮዋ ገጠር ነው። ወንድሟን የምታየው በዓመት በዓል ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን ለዓመታት አልመጣችም፤ የምታውቀው ደሳለ ሁልጊዜም ጨዋታ አዋቂ ነው። በሰማንያ ሦስት ዓ.ም. ከጦርነት ተመልሶ የመጣውን ሰውየ አላየችውም።

ያን ሰውየ ያየችው አሰለች ብቻ ነበረች። ሰኔ መግቢያ ላይ እግሩ አባብጦ፣ የወታደር ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ በሩ ላይ ቆመ። እልል ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ እሱ ግን እጁን እንኳ አላነሳም። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት በቤቱ ውስጥ ሲናገር የሚሰማው «ውሃ ስጭኝ»፣ «እሽ»፣ «ደህና ዋይ» ብቻ ነበር። አይቆጣም፣ አይሰክርም፣ እጁንም አያነሳባትም። አልጋ ይሠራል፣ በር ይሠራል፣ ገንዘቡን አምጥቶ መደቡ ላይ ያስቀምጥላታል። ልጅ አልወለዱም፤ እሷም በቀን ውሎዋ ራሷን ጠይቃ ራሷ መመለስ ለመደች። ጎረቤት መክሯት ነአኩቶ ለአብ ገዳም ወስዳ ሰባት ቀን ጠበል አስጠመቀችው። ረጋ ብሎ ተመለሰ፤ አፉ ግን አልተፈታም።

በዘጠና ዓ.ም. አብዱልጀባር የሚባል ሰው ከወልድያ ወደ ላሊበላ መጥቶ ከቅዳሜ ገበያው በላይ በቆርቆሮ የተሠራ አዳራሽ ተከራየ። ጄኔሬተር፣ ቴሌቪዥንና ማጫወቻ አስገባና ደሳለን አሥር አግዳሚ ወንበር አሠራው። የአንዱ እግር ተነቃንቆ ነበርና፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ ደሳለ መዶሻውን ይዞ ሊያጠብቀው ሄደ። ለምሳ አልተመለሰም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አሰለች ልትፈልገው ወጣች።

ቪዲዮ ቤት ያን ጊዜ የወንዶች ነው። እሷም መግባቱን አፍራ ከኋላ ዞረችና ጆሮዋን ቆርቆሮው ላይ አደረገች። ውስጥ ሕዝቡ ይስቃል። ከዚያ ሁሉ ሳቅ መካከል አንዱ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ማስነጠስ የሚቆረጠው፣ የምታውቀው ነበር። በጫጉላ ጊዜያቸው የሰማችው ሳቅ ነው። ቆርቆሮው በፀሐይ ግሎ ጆሮዋን ቢያቃጥላትም እሷ ግን ሳቁ እስኪያልቅ ድረስ አልተንቀሳቀሰችም።

በሦስተኛው ቀን፣ በሳልስቱ፣ ረፋድ ላይ አብዱልጀባር መጣ። ጠጉሩ ሸብቷል፤ ቆቡን በእጁ ይዞ ከድንኳኑ ደጃፍ ቆመ። ባንችይርጋ ቀድማ ተነሳችና ከፊቱ ተገተረች።

«ለምን መጣህ? በቁሙ የሳቃችሁበት አልበቃ ብሎህ ነው?»

«ልቅሶ ልደርስ ነው፣ እታለም። ካልሽ ከውጭ እቀመጣለሁ፣» አለ አብዱልጀባር።

እውነትም ሊቀመጥ ድንጋይ ሲፈልግ አሰለች ከፍራሹ ላይ ሆና ተጣራች።

«አብዱልጀባር! ና ግባ። እዚህ አጠገቤ ተቀመጥ።»

«አንች!» አለች ባንችይርጋ።

«እትየ፣ አንቺን አከብራለሁ። ወንድምሽ ነው፤ ሐዘኑም ሐዘንሽ ነው። ነገር ግን በሰማንያ ሦስት የመጣልኝ ሰው ደሳለ አልነበረም። ደሳለን የመለሰልኝ የዚህ ሰው ቤት ነው። አመስግኜው አላውቅም፤ ዛሬ ላመስግነው።»

አብዱልጀባር መጥቶ ከፍራሹ ጫፍ ተቀመጠ። «አብሽሪ፣ አሰለች፣» አለ በዝግታ፤ «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ።»

ፊልሙ እንግዲህ ቀላል ነገር ነበር። የየት አገር እንደሆነ፣ ቋንቋውም ምን እንደሆነ ላሊበላ ውስጥ የሚያውቅ የለም። ሦስት ሌቦች አንድ ትልቅ ካዝና ይሰርቃሉ፤ መክፈት ያቅታቸዋል። ጋሪ ላይ ይጭኑታል፣ አውቶቡስ ውስጥ ከተሳፋሪ አጠገብ ያስቀምጡታል፣ ለብየዳ ይወስዱታል። በመሐል ፖሊስ ሲደርስባቸው ወፍራሙ መስኮት ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል። ሁለቱ ከነካዝናው አምልጠዋል፤ መንገዱ ክፍት ነው። ግን እየተሰዳደቡ ይመለሱና ካዝናውን መሬት ጥለው ጓደኛቸውን ይገፉታል። ሦስቱም ይያዛሉ። በመጨረሻ ፖሊሶቹ ካዝናውን ሲከፍቱት የባለቤቱ ሰው ሠራሽ ጥርስ ብቻ ይወጣል።

ገበያተኛው ይህን ፊልም ወደደው። ደስ ያለው ድብድቡ አይደለም፤ የለውማ። ሰዎቹ የያዙት ሁሉ አይሳካላቸውም፣ ደግሞም አይለያዩም። ዝናብ ቀርቶ ገብሱ የደረቀበት ገበሬ፣ በሬው የሞተበት፣ ሚስቱ ያኮረፈችው፣ ሁሉም እዚያ ገብቶ የራሱን ጣጣ በሰው ላይ ያያል። ሌላ ፊልም ይመጣል፣ የሕንድ ዘፈን ይመጣል፤ ቅዳሜ ግን ካዝናው ነው። በሁለተኛው ዓመት አብዱልጀባር ለአሰለችም ከግድግዳው ጥግ ቦታ ሰጣት። ከእሷ በኋላ ሌሎች ሴቶችም ገቡ።

በዘጠና ሁለት ካሴቱ አረጀና ድምፁ ጠፋ። ሥዕሉ ይታያል፤ የሚሰማው ሹሹታ ብቻ ነው። አብዱልጀባር ሊያጠፋው ሲነሳ ሰዉ አጉረመረመ። በዚያ መሐል ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሰው መናገር ጀመረ። ቀጭኑ ሌባ አፉን ሲከፍት እንደ አስጎብኚ እየተጣደፈ ተናገረለት፤ ፖሊሱ ሲመጣ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ጉሮሮውን ጠራረገ። ሰው ሁሉ ዘወር አለ። ደሳለ ነበር። ሰባት ዓመት ዝም ብሎ፣ ሁለት ዓመት ብቻ ስቆ፣ አሁን የሦስት ሰው አፍ ሆነ።

ለወፍራሙ ሌባ ሙሉሃብት የሚል ስም አወጣለት። «እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚሁ እከርማለሁ» የምትለውም ከእሱ የመጣች ናት። የጋሸና ሾፌሮች ሳይቀሩ ይችን ለመስማት ቅዳሜን ላሊበላ ማደር ጀመሩ። ስሙን ያወጣለት ቀን ወደ ቤት ሲመለሱ አሰለች «ሙሉሃብት ማነው?» ብትለው፣ «ስም ነው» አላት። ከዚያ ግን ስለ እንጨት ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ዝናቡ እያወራ ቤት ደረሱ። እሷም መንገዱ ባጠረባት አዘነች።

ይህን ሁሉ አሰለች ለለቀስተኛው ተናግራ ስትጨርስ፣ አንዲት አሮጊት በዘንጋቸው እየተደገፉ ወደ ድንኳኑ ገቡ። ማንም አያውቃቸውም። አቧራ የለበሰ ጫማቸውን ሳያወልቁ መሐል ቆመው ደረታቸውን መቱ።

«ልጄን! ወይኔ ልጄን! ሁለተኛ ቀበርኩህ!»

ሴቶች ደግፈው አስቀመጧቸው። ትንፋሻቸው ሲመለስ ዙሪያውን ቃኙ።

«አሰለች የትኛዋ ናት?»

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

«አመተ ጊዮርጊስ እባላለሁ። ከፍላቂት ነው የመጣሁ። መሞቱን ትናንት ከሾፌር ሰማሁ። የሙሉሃብት እናት ነኝ።»

ጋሻዬ ከጥጉ ብድግ አለ። «የቱ ሙሉሃብት?»

«የእኔ ሙሉሃብት ነዋ! ከደሳለ ጋር የዘመተው። እንደ ሸንበቆ የቀጠነ ልጅ ነበር።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። አሮጊቷ ዓይናቸውን ከአሰለች ሳያነሱ ቀጠሉ።

«በዘጠና ሦስት፣ በጥር፣ ደጄ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። ግማሽ ቀን አልተናገረም። ለማኝ መስሎኝ ቆሎ ሰጠሁት። ከዚያ ነገረኝ። ወደ ደሴ ሲሸሹ ልጄ እግሩን ተመታ። ደሳለና አንድ ሌላ ጓደኛቸው ተሸክመውት ነበር። ተኩሱ ሲበረታ ከመንገድ ዳር አስቀመጡት። ግንቦት አጋማሽ ነበር፤ ክረምቱ ቀርቦ ሰማዩ ጠቁሯል። ልጄ ምን አላቸው መሰለሽ? ‹እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚሁ እከርማለሁ።› እየሳቀ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ እንዲህ ነበር፤ እያመመው የሚያስቅ። እነሱም ሄዱ። አልተመለሱም።»

አሰለች ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳ ያዘች።

«‹እማማ፣› አለኝ፣ ‹አንድ ፊልም አለ። ሦስት ሌቦች ናቸው። እነሱ ይመለሳሉ። ሌባ እንኳ ለጓደኛው ይመለሳል። በየሳምንቱ እየሄድኩ ሲመለሱ አያለሁ።› አልገባኝም። ተቆጣሁ፤ ከደጄ ሂድ አልኩት፤ ሄደ። ማታውን ግን አሰብኩት። አሥር ዓመት ውሻ በጮኸ ቁጥር በር እከፍት ነበርኮ! ልጄ ሞቷል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። መርዶ ነጋሪዬ እሱ ነው። በነጋታው ሰው ልኬ ከመናኸሪያው አስመለስኩት። ለልጄ ተዝካር አወጣሁ፤ ደሳለም ከቤተሰብ ጋር ቆመ። ከዚያ ወዲህ ዓመት ዘልሎኝ አያውቅም። ጣራዬን የከደነው እሱ ነው። የምተኛበትን አልጋ የሠራው እሱ ነው።»

«በየዓመቱ ገብስ ልገዛ ነው እያለኝ ነበር የሚሄደው...» አለች አሰለች።

«ገብሱን የምሰጠው እኔ ነበርኩ፣» አሉ አመተ ጊዮርጊስ። «ሸክም ሳይሞላ አልለቀውም ነበር። እናንተን ለማመስገን ነው የመጣሁ። ልጄን ሰው በየሳምንቱ ስሙን ይጠራዋል ብሎኝ ነበር። እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ እማማ፣» አለ አብዱልጀባር። እንባው ጢሙ ላይ ወርዷል። «ወላሂ፣ ለምን እንደሆነ አላወቅሁም። ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰዉ በጣም የሚወደው እሱን ነበር። ሲቀረቀር ይጨነቁለታል፤ ሲመለሱለት ያጨበጭባሉ።»

«ያጨበጭባሉ?»

«አዳራሹ እስኪነቃነቅ።»

«አሳዩኝ፣» አሉ አሮጊቷ። «እንዴት ነበር የሚለው?»

ሁሉም ወደ ጋሻዬ ተመለከተ። ጋሻዬ ባንችይርጋን አየ፤ ባንችይርጋ መሬት መሬቱን ታያለች። ተነሳ፤ ሁለት የድንኳን ምሰሶ መሐል ገብቶ ሆዱን ነፋ፤ እጆቹን አወራጨ። የደሳለን ድምፅ አስመስሎ ያችን ቃል ተናገረ። አመተ ጊዮርጊስ በመጀመሪያ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀጥሎ ሳቁ፤ ጥርስ በሌለው አፋቸው፣ በሙሉ ድምፃቸው፣ ዘንጋቸውን መሬት ላይ እየመቱ። ድንኳኑም አብሮ ሳቀ፤ አብሮም አለቀሰ።

ባንችይርጋ ሳቁ ከበረደ በኋላ ተነሳች። ሰፌዱን አንስታ አብዱልጀባር ፊት አቀረበችለት።

«ብላ፣» አለችው። «ወንድሜ ወልዶ የሚያሳድገው ባይኖረውም የሚቀብረው አላጣም። እኔ ይህን አላውቅም ነበር።»

ስምንት ሰዓት ላይ የፍላቂት ሚኒባስ ሊነሳ ሆነ። አሰለች አሮጊቷን ደግፋ ተነሳች። ሐዘንተኛ ሳልስቱ ሳይበተን ከቤት አይወጣም ብለው አንዳንዶች አጉረመረሙ። ባንችይርጋ ግን «ተዉአት፣ ትሸኛቸው» አለች።

ቁልቁለቱን ቀስ እያሉ ወረዱ። አሰለች ልትጠይቃቸው የምትፈልገው ብዙ ነበር፤ ደሳለ እዚያ ቤት የት እንደሚቀመጥ፣ ምን እንደሚያወራ፣ ስሟን ያነሳ እንደሆነ። አልጠየቀችም። አሮጊቷ ግን ያሰበችውን የሰሙ ይመስል «ለአርባው እመጣለሁ፤ ያን ጊዜ አድሬ ሁሉንም እነግርሻለሁ» አሉ።

ከመስኮቱ አጠገብ አስቀመጠቻቸው። ረዳቱ በሩን ሊስበው ሲል የነጠላቸው ጫፍ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ አየች። «ቆይ፣» አለችው። ጫፉን ሰበሰበች፣ አቧራውን አራገፈች፣ አጣጥፋ ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው። ረዳቱ በሩን እንደያዘ ጠበቃት፤ እሷ ግን መዳፏን ከነጠላው ላይ ቶሎ አላነሳችም።