ቁጭ ነው ያልኩት

ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በሲልቨር ስፕሪንጉ አፓርታማ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ የሰማንያ አንድ ዓመቱ ሐጂ በድረዲን፣ ልጃቸው ኢምራን፣ እና በየሳምንቱ እየመጣች የምታያቸው ነርስ የዓለምዘርፍ። የሐጂ የደም ግፊትና ስኳር ተለክቶ አልቋል። እሳቸው ወደ መታጠቢያ ቤት ገብተዋል፤ ኢምራንና ነርሷ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ፎርም እየሞሉ ነው። ፎርሙን የጠየቀው እዚያው አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ ከተማ ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ነው። እዚያ ክፍት አልጋ ያገኘችው የኢምራን እህት ዓሪፋ ነች።

"ባለፉት ስድስት ወራት ስንት ጊዜ ወደቁ?" አለች የዓለምዘርፍ ከእንግሊዝኛው እየተረጎመች።

"አንድ ጊዜ። እሱንም የነገረኝ ጎረቤት ነው።"

"አንድ" ብላ ልትጽፍ ስትል ከመታጠቢያ ቤቱ የከባድ ነገር ድምፅ ተሰማ። ከዚያ የሻምፑ ጠርሙስ ሲንከባለል፣ ከዚያ ዝም።

ኢምራን ወንበሩን ገልብጦ ሮጠ። አባቱ በገንዳውና በመጸዳጃው መሀል እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ተጠቅልሏል፤ ከጢማቸው ውሃ ይንጠባጠባል። የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ እንደተከፈተ ነው።

"ወደቁ!"

"አልወደቅኩም" አሉ ሐጂ ቆጣ ብለው። "ቁጭ ነው ያልኩት።"

"እግርዎን ሲንኩ ላይ ሰቅለው ነዋ! ያ ረቢ! ስንቴ ልለምንዎት? ተየሙም ያድርጉ አላልኩዎትም?"

"ውሃ ሞልቶ በተረፈበት አገር አፈር ነክቼ ልስገድ? ጌታዬ ምን ይለኛል?"

ኢምራን ብብታቸው ሥር እጁን ሊያስገባ ሲያጎነብስ የዓለምዘርፍ ከኋላው ደረሰች።

"ቆይ፣ አትጎትታቸው! ትከሻቸውን ታወልቀዋለህ። ሐጂ፣ ዳሌዎን ያምዎታል? እስቲ እግርዎን ያንቀሳቅሱልኝ" ብላ እጇን ወደ ክንዳቸው ዘረጋች።

"አትንኪኝ!"

እጇ አየር ላይ ቀረ። በሰባት ወር ውስጥ ከሐጂ አፍ ክፉ ቃል ሰምታ አታውቅም። መርፌ ስትወጋቸው እንኳ የሚመርቋት ሰው ናቸው። የኢምራን ፊት ጆሮው ድረስ ቀላ።

"አባ! ልትረዳዎት እኮ ነው!"

"አውቃለሁ።" ሐጂ ዓይናቸውን ከወለሉ አላነሱም። "ውዱኤን ልጨርስ አንድ እግር ነው የቀረኝ።"

የዓለምዘርፍ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ተመለሰች። ከዚያ ከበሩ ላይ ሆና ማዘዝ ጀመረች። "ኢምራን፣ ጠንካራ ወንበር አምጣ። ከፊታቸው አድርገው። ሐጂ፣ በጎንዎ ዞር ይበሉ፣ ቀስ ብለው ይንበርከኩ። አሁን ወንበሩን ይደገፉ። አንተ ወንበሩ እንዳይንሸራተት ብቻ ያዝ፤ የሚነሱት እሳቸው ናቸው።" ሐጂ "ቢስሚላህ" ብለው በራሳቸው ጉልበት ተነሡ። ኢምራን አባቱን ከአልጋ ሲያነሳ ወገቡን የተቀጨው በከንቱ እንደነበር ያወቀው ያኔ ነው።

ሳሎን ገብተው ሐጂ ሶፋቸው ላይ ከተደላደሉ በኋላ የዓለምዘርፍ ፎርሙን አነሳች።

"ሐጂ፣ ከዛሬው ሌላ ወድቀው ያውቃሉ?"

"እኔ ወድቄ አላውቅም።"

"አባ፣ አላህን ይፍሩ እንጂ!"

ነርሷ ኢምራንን በእጇ ዝም አሰኘችው። "እሺ። ሳያስቡት መሬት ላይ ቁጭ ያሉበት ቀንስ አለ?"

ሐጂ በጣታቸው ቆጠሩ። "እሱማ ሦስቴ ይሆናል። ከዛሬው ጋር አራት።"

"አራት!" ኢምራን ጭንቅላቱን ያዘ። "ለምን አልነገሩኝም?"

"መች ጠየቅከኝ? አንተ የምትለኝ ወደቁ ወይ ነው።"

"መቼ መቼ ነበር?" አለች የዓለምዘርፍ።

"ያው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው" ካሉ በኋላ ሐጂ አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

"ማክሰኞ የምመጣው እኔ ነኝ" አለች ነርሷ።

"ያንቺ ጥፋት የለበትም፣ ልጄ።"

"ይንገሩኝ፣ ሐጂ።"

ሐጂ ኩፍያቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት። "እኛ በምንከተለው መዝሀብ የባዕድ ሴት እጅ ገላዬን ከነካኝ ውዱኤ ይፈታል። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ቁርኣኔን እይዛለሁ፤ ያለ ውዱእ ደግሞ አልነካውም። ስለዚህ እንደገና እታጠባለሁ። ያን ጊዜ ይሄ ልጅ ሥራው ላይ ነው።"

"ከእኔ በፊት የነበረችዋ ነርስስ?"

"እሷ ፈረንጅ ናት፤ ከበሩ ጀምሮ ጓንቷን አታወልቅም። ገላ ለገላ ካልተነካካ ችግር የለውም።"

የዓለምዘርፍ ግንባሯን ያዘች። የመጀመሪያው ቀን ገና ከበሩ "አባትን በጓንት አልጨብጥም" ብላ ጓንቷን አውልቃ፣ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ነበር የጨበጠቻቸው። ከዚያም ወዲህ መርፌ ካልያዘች በቀር አድርጋው አታውቅም። "እኔ እኮ አክብሬዎት ነው!"

"እኔም አክብሬሽ ነው ዝም ያልኩት።"

"ለእኔስ አይነግሩኝም?" አለ ኢምራን።

"ላንተ ብነግርህ ትነግራታለህ።"

"እናንተ ስትከባበሩ እኮ ዳሌ ሊሰበር ነው!" ኢምራን ይህን ሲል ስልኩ ጮኸ። ዓሪፋ ነበረች። ስፒከሩን ከፈተው።

"ፎርሙን ሴንድ አደረግከው? አልጋው እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የሚቆይልን።"

"አራት ጊዜ ወድቀዋል።"

"ይኸው! አላልኩህም? እዚያ እኮ ሃያ አራት ሰዓት ሰው አላቸው።"

"ማን እንደሚያጥባቸውስ ጠይቀሻል? ሴት ይሁን ወንድ?"

"ኢምራን፣ እኔ ሁለት ሥራ ነው የምሠራው። ምን ላድርግ?"

"ባለፈው ወር መጥተሽ ምሳ በልተሽ ሄድሽ። እሱን ታውቂበታለሽ።"

"እንደሱ አትናገረኝ! ከስድስት ሰዓት በፊት ደውልልኝ" ብላ ዘጋችው።

ሐጂ ወደ ነርሷ ዞረው ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። "ልጄ፣ ቁጭ አሉ ብለሽ ብትጽፊልኝስ?"

"እንግሊዝኛው እንደዚያ የሚል ቦታ የለውም፣ ሐጂ። አራት ነው የምጽፈው።" ጻፈችው። ከዚያ ኢምራንን ወደ መስኮቱ ጠራችው። "ስማኝ። ጓንቱን ከእንግዲህ አላወልቅም፤ የማክሰኞው ጣጣ አለቀ። የቀትሩን ዙሁር ለመስገድ ግን በየቀኑ ይታጠባሉ። ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ማን ነው አብሯቸው የሚሆነው?"

ኢምራን የትምህርት ቤት ባስ ሾፌር ነው። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ትልልቆቹን ያመላልሳል፤ በመሀል ደግሞ የመዋዕለ ሕፃናቱን ልጆች። የመሀሉን ሩት፣ የቀኑን መስመር፣ ለማግኘት ሁለት ዓመት ተራ ጠብቋል።

"ማንም" አለ።

"የመታጠቢያ ወንበርና ግድግዳ ላይ የሚገጠም መያዣ ዛሬ አዝዛለሁ። ወንድ ረዳት እንዲመደብላቸውም እጠይቃለሁ፤ ወረፋው ግን ወራት ይፈጃል። እስከዚያ ያን ሁለት ሰዓት የሚሸፍን ሰው ከሌለ እህትህ ልክ ናት። ልዋሽህ አልችልም።"

"ሲስተር፣ አንቺም ከእሷ ጋ ሆንሽ?"

"እኔ ከዳሌያቸው ጋ ነኝ።"

ኢምራን ሰዓቱን አየ። አሥር ደቂቃ ቆይቶ መውጣት ነበረበት። አባቱ ሶፋው ላይ ሆነው ያልታጠበውን እግራቸውን ይመለከታሉ፤ መጦሪያ መግባት ይፈልጉ እንደሆነ ማንም የጠየቃቸው የለም፣ እሳቸውም ምንም አላሉም። ይህ ዝምታ ከጩኸታቸው ይልቅ አናደደው። ስልኩን አንስቶ የባሶቹ ኃላፊ ለሆነው ለክፍሉ ደወለ።

"ክፍሉ፣ የቀኑን ሩት ለሌላ ሰው ስጠው።"

"ዛሬን ነው? ዛሬን እኔው እነዳልሃለሁ።"

"ከዛሬ ጀምሮ።"

"ሰውዬ፣ እንደገና ብትፈልገው እኮ አታገኘውም። ከታች ነው የምትጀምረው።"

"ገብቶኛል። ስጠው።"

ቀጥሎ ዓሪፋ ጋ ደወለ። "አልጋውን ለመጦሪያው ልቀቂላቸው። ቅዳሜና እሑድ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ያንቺ ነው" አላትና መልሷን ሳይሰማ ዘጋው።

ዓሪፋ አምስት ጊዜ መልሳ ደወለች፤ አላነሳም። ስድስት ሰዓት ላይ አልጋው ለሌላ ሰው ተሰጠ። የመዋዕለ ሕፃናቱን ባስ ከረቡዕ ጀምሮ ዳጊ የሚባል አዲስ ሾፌር ነዳው።