የቀረ ሰው ድርሻ

እናቴ ወለተ ገብርኤል ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆመች። የሚካኤል ማኅበሯ ቀን ነው።

«አንተስ ዛሬ የት ትውላለህ?» አለችኝ።

«እኔም ማኅበር አለኝ።»

«ኧረ? የት?»

ኮምፒውተሬን አሳየኋት። ሳቋ አመለጣት። «ቤቱ ቁጭ ብሎ ማኅበር የሚጠጣ ዛሬ ገና አየሁ» ብላ ወጣች።

የአገራችን ፕሮግራመሮች በዓመት አንዴ አዲስ አበባ ይሰበሰባሉ። ሰቆጣ ላይ ከእኔ ሌላ ኮድ የሚጽፍ ሰው አላውቅም። ሥራዬን ስናገር «ኮምፒውተር ትጠግናለህ አይደል?» ይሉኛል፤ መከራከር ስለሰለቸኝ «አዎ» እላለሁ። ዘንድሮ ለመሄድ ቆርጬ ነበር፣ መሥሪያ ቤቴ ግን ከአንድ ቀን በላይ ፈቃድ አልሰጥም አለኝ። አዘጋጆቹ «በኦንላይን ብትገባም ያው ነው» አሉኝ። እኔ ግን ጉዳዬ ትምህርቱ አልነበረም፤ ምትኩ የሚባለውን ፕሮግራመር ማግኘት ነበር። ከምትኩ ጋር ለዓመታት አንድ ፕሮግራም አብረን ጽፈናል። ስህተቴን ያርማል፣ ስህተቱን አርማለሁ። በአካል ግን ተያይተን አናውቅም። በዚህ ሙያ ጓደኛዬ የምለው እሱን ብቻ ነው።

እውነቱን ለመናገር ንግግሮቹን ቤት ሆኖ መስማት ይሻላል። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ከፊት ተቀምጦ የሚጋርድህ ረጅም ሰውም የለም። ምትኩ መድረክ ላይ ወጥቶ የሁለታችንን ሥራ አቀረበ፤ ስሜንም ጠቀሰ። ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ከዚያ የሻይ ሰዓት ሆነ። ስክሪኑ ላይ «እረፍት» የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ ማይኩን ግን መዝጋት ረስተዋል። የስኒ ኳኳታ፣ ሳቅ፣ የሰላምታ ግርግር ይሰማኛል። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ስሜን የሚያነሳ ባገኝ ብዬ ጆሮዬን አስጠግቼ ተቀመጥኩ።

ስሜ ተነሳ። «ያ የጠቀስከው ቢሆነኝ መጥቷል?» አለች አንዲት ሴት።

«በኦንላይን አለ» አለ ምትኩ።

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ሥራው ጥሩ ነው። ሰውየውን ግን አላውቀውም።»

አልዋሸም፤ ያናደደኝም ይኸው ነው። «እዚህ ነኝ፣ እሰማችኋለሁ» ብዬ ቻቱ ላይ ጻፍኩ። ሁሉም ሻይ ላይ ነው፣ ማን ያንብበው? ኮምፒውተሩን ዘጋሁት።

እናቴ ስትመለስ በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ ይዛለች። ለእኔ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ።

«ተው፣ የወለተሥላሴ ድርሻ ነው» አለችኝ።

ጎረቤታችን እማማ ወለተሥላሴ ከታመሙ ወዲህ ከማኅበሩ ቀርተዋል። ድርሻቸው ግን አይቀርም፤ ከማኅበርተኞቹ አንዷ ታደርስላቸዋለች። ቤት መቀመጥ አስጠልቶኝ ስለነበር አብሬያት ሄድኩ።

እማማ ወለተሥላሴ ዳቦውን ተቀብለው ሳይቀምሱ ትራሳቸው አጠገብ አኖሩት። እናቴን አተኩረው አዩዋት።

«ጠየቁኝ?» አሉ።

«እንዴታ። "ጉልበቷን እንዴት አደረጋት? ያ ክርክሯ ናፈቀን" ሲሉ ዋሉ» አለች እናቴ።

እማማ ሳቁ። ያን ጊዜ ዳቦውን አንስተው ቆረሱ፤ ለእኔም አቀበሉኝ። እኔም እኮ በሻይ ሰዓቱ ተጠይቄ ነበር፤ የሚያውቀኝ ጠፋ እንጂ።

«አንተስ ልጄ፣ ዛሬ የት ዋልክ?» አሉኝ።

«ብቻዬን ዋልኩ» አልኳቸው።