የውሃው ትሪ

ሚስትየው የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት። ጠዋት ጠዋት የሰው ልጆች ስታስተምር ትውላለች፤ የራሷን ልጅ ግን ሦስት ዓመት ካልሞላት አንቀበልም ስላሏት ቤት ትታት ትወጣለች። ቢቸግራት ትምህርት ቤቱን ወደ ቤት አመጣችው። ከመስኮቱ ሥር በልጅቷ ቁመት ልክ መደርደሪያ አሠርታ አምስት ትሪዎች ደረደረች። አንዱ ላይ በማንኪያ ከሳህን ወደ ሳህን የሚዛወር ባቄላ፣ አንዱ ላይ ጥንድ ጥንዱ የሚፈለግለት ካልሲ፣ አንዱ ላይ ትልልቅ የልብስ ቁልፍ የተተከለበት ጨርቅ፣ አንዱ ላይ መወልወያ ስፖንጅ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ጆግና ሁለት ኩባያ። ሞንቴሶሪ ይሉታል፤ ልጅ በገዛ እጁ እየሠራ የሚማርበት ዘዴ ነው። ጠዋት ከልጅቷ ጋር የሚውለው ባሏ ስለሆነ አስቀምጣ ደንቡን አስረዳችው።

"ስታሳያት አትናገር። ከተናገርክ አፍህን ነው የምታየው። ዝም ብለህ፣ በዝግታ፣ እጅህን እንድታይ አድርገህ አንዴ ሥራው። ከዚያ ለሷ ተውላት።"

"ብትደፋውስ?"

"ትወለውለዋለች። ስፖንጁ ለጌጥ የተቀመጠ መሰለህ?"

ባልየው ፀጉር አስተካካይ ነው። ሱቁን ከጓደኛው ጋር ተካፍለው ይሠራሉ፤ ጠዋቱ የጓደኛው፣ ከሰዓቱ የሱ። ለሚስቱ ጠዋት ገበያ ስለሌለ ነው ብሏታል። ውሸቱን ነው። ጠዋት ጠዋት ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጥበታል። ከአምስት ወር በፊት የአንድ ሽማግሌ ጉንጭ ላይ ምላጩ ሲርገበገብ በመስታወቱ ውስጥ ራሱ አየው። ሽማግሌው ዐይናቸውን ጨፍነው ስለነበር ምንም ሳያውቁ መርቀውት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ጢም መላጨቱን ለጓደኛው ትቶ በማሽን ብቻ ይሠራል። ማሽኑ ራሱ ስለሚንዘር የማን መንቀጥቀጥ እንደሆነ አይለይም።

ሐኪም ዘንድ አልሄደም፤ የሚሉትን ፈራ። የፀጉር አስተካካይ እጅ ይንቀጠቀጣል ተብሎ ከተወራ ማን አንገቱን ይሰጠዋል? ስለዚህ በሆዱ ያዘው። በሚስቱ ፊት ሻዩን በሁለት እጁ ይይዝና በረደኝ ይላል፤ በዚያ ሙቀትም በረደኝ ይላል። ከልጅቷ ግን አይደበቅም ነበር። የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ምን ታውቃለች ብሎ፣ እጁን ከኪሱ አውጥቶ እንደፈለገ ይንቀጥቀጥ ብሎ የሚለቀው ምንጣፉ ላይ ከልጁ ጋር ሲቀመጥ ብቻ ነበር። በቀን ውስጥ እፎይ የሚለው ያኔ ነው።

ልጅቷን እሜቴ ይሏታል። በእግሯ ሳትሄድ ሰው ማዘዝ የጀመረች ልጅ ናት።

አንድ ቅዳሜ እናቷ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለችና "እስቲ የኔ እሜቴ፣ የተማርሽውን አሳዪኝ" አለቻት።

እሜቴ የውሃውን ትሪ በጥንቃቄ ተሸክማ አመጣች። ጆጉን በቀኝ እጇ አነሣች። ወደ ኩባያው ዘንበል ስታደርገው እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ውሃው ግማሹ ውስጥ ገባ፣ ግማሹ ውጭ ፈሰሰ። ልጅቷ አልደነገጠችም። በግራ እጇ የቀኝ እጇን አንጓ ጥብቅ አድርጋ ያዘች፣ ቀድታ ጨረሰች፣ ስፖንጁን አምጥታ የፈሰሰውን ወለወለች።

አባትየው ወዲያው አወቀው። አንጓ መያዙ ሳይቀር የሱው ነበር።

"ድገሚው እስቲ" አለች እናቷ። ደገመችው፤ ያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜም ያው። የእናትየው ፊት አመድ መሰለ። ታናሽ ወንድሟ በልጅነቱ የሚጥል በሽታ ነበረበት፤ መሬት ላይ ሲወድቅ እያየች ነው ያደገችው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችው።

"ምኑ?"

"አብረሃት እየዋልክ አላየህም? እጇን አላየህም?"

እውነቱ ምላሱ ላይ ነበር። "ጨዋታ ይሆናላ" አለ።

እሷ ለሰኞ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ስትይዝም እውነቱን አልነገራትም። ልጅቷ ምንም የለባት፣ ምንም አያገኙባትም፣ ሄደን እንመለሳለን ብሎ ራሱን ሸነገለ። ከዚያ ቀስ ብሎ በግራ እጁ ያስተምራታል። ሁለት ቀን ሙሉ ይህንን ሲያብሰለስል ሰነበተ፤ የሚስቱን ዐይን ግን ማየት አልቻለም።

ሰኞ ጠዋት ሐኪሟ ለእሜቴ እርሳስ ሰጠቻት፤ እጇ ቀጥ ብሎ ክብ ሣለች። ብስኩት ሰጠቻት፤ ያለአንዳች ችግር በላች። ደህና ናት ሊሏት ነው ብሎ አባትየው ሊተነፍስ ሲል፣ እናትየው ከቦርሳዋ ጆጉንና ኩባያዎቹን አወጣች። እሜቴ ቀዳች፤ እጇ ተንቀጠቀጠ።

ሐኪሟ ግንባሯን ቋጠረች። "ለጊዜው ደም እንይ። ከዚያ የጭንቅላት ምርመራ ይኖራል። ለሱ ማደንዘዣ ያስፈልጋታል።"

ነርሷ መጣች። እናት ክንዷን፣ አባት እግሯን እንዲይዙ ተነገራቸው፤ ያዙ። የመጀመሪያው መርፌ ደም ሥሩን ሳተ። እሜቴ ጮኸች፣ ተራገጠች፣ "አባዬ በቃ በላቸው" አለች። እሱ እግሯን እንደያዘ ነው።

"በዚያኛው ክንዷ እንሞክር" አለች ነርሷ።

"ተዉአት" አለ። "ልጅቷ ደህና ናት። እኔ ነኝ።"

ማንም አልገባውም። ጆጉን አነሣና ወደ ኩባያው አዘነበለው። ውሃው በሐኪሟ ወረቀቶች ላይ ተረጨ። በግራ እጁ አንጓውን ይዞ ቀድቶ ጨረሰ። እሜቴ እንባዋ ሳይደርቅ ጠረጴዛውን አየችና "ስፖንጅስ?" አለች።

"ስንት ጊዜ ሆነዎት?" አለችው ሐኪሟ።

"አምስት ወር።"

"ነገ ጠዋት ራስዎ ይምጡ።"

መንገድ ላይ ሚስቱ ልጅቷን ታቅፋ ቀድማው ትሄዳለች። መሻገሪያው ጋ ስትደርስ ሳትዞር ጠየቀችው፤

"ቅዳሜ ዕለት አውቀህ ነበር?"

"አውቄ ነበር።"

"እግሯን ይዘህላቸው ነበር እኮ።"

ያን ቀን እስኪመሽ በአንድ ቤት ውስጥ ሳይተያዩ ዋሉ።

በማግስቱ ሚስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ቀረች። ጠዋት እሱ ኮቱን ለብሶ ወደ ሐኪም ቤት ሊወጣ ሲል ምንጣፉ ላይ፣ የሱ ቦታ ላይ ተቀምጣ አገኛት። የውሃው ትሪ ፊት ለፊቷ ነው። በደንቡ መሠረት ዝም ብላ፣ በዝግታ፣ እጇን እያሳየች ቀዳች። አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

እሜቴ አንገቷን ሰበር አድርጋ አየቻትና "እንደሱ አይደለም" አለች።

ተነሥታ የእናቷን አንጓ በሁለት እጇ ያዘች፤ መርፌው የገባበት ክንዷ ላይ ፕላስተሩ አልተላጠም። "እንዲህ ነው። እንደ አባዬ" ብላ ታንቀጠቅጥላት ጀመር።

እናትየው እጇን አላስለቀቀችም። ውሃው ትሪውን ሞልቶ ቀሚሷ ላይ እስኪፈስ ድረስ እንድታንቀጠቅጣት ተወቻት። ከዚያ ዐይኗ እንባ እንዳቀረረ ቀና ብላ በሩ ጋ የቆመውን ባሏን አየችው። ከሐኪም ቤት ወዲህ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

"ጫማዬን አቀብለኝ" አለችው።

ጫማዋን በቀኝ እጁ አንሥቶ ሰጣት።