የእጅ ልክ

«ያዟት! ኧረ ያዟት፣ ልትወድቅ ነው!»

አትጠገብ ልትወድቅ አልነበረም። ከዳሱ ወጥታ ወደ ጓሮ ልትሮጥ ነበር። የለቅሶ ቤት ሰው ግን ሐዘንተኛ ብድግ ሲል ካየ ከመያዝ ሌላ ነገር አያውቅም። አንዷ ወገቧን፣ አንዷ ክንዷን፣ አንዷ ነጠላዋን ጨምድደው መልሰው አስቀመጧት።

ከጓሮ የሚመጣውን ድምፅ ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ምሳር እንጨት ይመታል፤ ለቅሶ ባለበት ቤት የተለመደ ነው፣ ንፍሮ ያለ ማገዶ አይበስልም። ተራ ማገዶ ሲፈለጥ ግን ድምፁ የታፈነ ነው። ይኼኛው ጥርት ብሎ ይጮሃል። እንዲህ የሚጮኸው ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ የደረቀ ወይራ ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ወይራ ደግሞ በሰፈሩ ከአንድ ቦታ በቀር የለም፤ ከእሷው ማድ ቤት፣ ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ።

«እንጨቱን! እንጨቱን አትንኩት በሏቸው!»

«ልቀቂው ልጄ፣ ይውጣልሽ» አሏት ከጎኗ የተቀመጡት ሴትዮ ጀርባዋን እየደባበሱ።

አልቃሿ አልጣሽ ከትናንት ጀምሮ ከሐዘንተኛዋ አፍ አንዲት ቃል ስትጠብቅ ነበር። አሁን አገኘች። ደረቷን መታ አድርጋ ተነሣች፤

«እንጨቱን አለችው፣ አባቷን ብታጣ፣
ከእንግዲህ ማን አለ፣ ዛቢያ የሚያወጣ!»

ዳሱ በዋይታ ተሞላ። አትጠገብ ደሟ ፈላ። ማን አለ? እኔ አለሁ እንጂ! ልትል አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ቢሰሟትም ያንኑ በሙሾ ነው የሚመልሱላት። ከኋላዋ ደግሞ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«እስካሁን እኮ እንባ ጠብ አላላትም።»

«አባቷም እንደዚያው ነበር። ድንጋይ።»

አባቷ ቀለሙ ትናንት ነው የተቀበረው። ዛቢያ ሠሪ ነበር፤ የዶማ፣ የምሳር፣ የመዶሻ እንጨት አውጪ። ታላቅ ወንድሙ ሞላ የገራዶ ገበሬ ናቸው፤ ስለ ወንድማቸው ሲጠየቁ «ደሴ ነው ያለው» ይላሉ እንጂ ሥራውን አይጠሩም። እንጨት ጠራቢ ወንድም አለኝ ማለት ያሳፍራቸዋል። ለቅሶውን ግን እሳቸው ናቸው የያዙት። ዳሱን አስጣሉ፣ እህሉን አስመጡ፣ ማገዶ አነሰ ሲባሉም ማድ ቤት ገብተው ወደ ቆጡ ቀና አሉና «ይኼ ሁሉ ሥራሥር ተሰቅሎ ማገዶ ትላላችሁ? አውርዱ!» አሉ።

ቀብሩ ያለቀ ዕለት ማታም የአትጠገብን ነገር ቆርጠውታል።

«አርባው ይውጣና ገራዶ ትመጫለሽ። ከባሏ የተፈታች ሴት ብቻዋን ደሴ ምን ትሠራለች?»

«ዛቢያ እሠራለሁ፣ አጎቴ።»

«ዛቢያማ ከአባትሽ ጋር ተቀበረ።»

ገራዶ ማለት የአጎቷ ምራት ጓዳ ማለት ነው። እየፈጨች፣ ውሃ እየቀዳች፣ «እስኪ አንቺ ደግሞ» እየተባለች እስክትሞት መኖር። ከዚያ የሚያድናት ያ እንጨት ነበር። ጥቅምት ሲገባ ይወርዳል፤ ወርዶ ዛቢያ ይሆናል፤ ዛቢያው ኮምቦልቻ ይሸጣል። ከነደደ ግን ሌላ ተነቅሎ እስኪደርቅ ሁለት ዓመት ነው። ሁለት ዓመት ማን ያበላታል? ሞላ።

ምሳሩ እንደገና ጮኸ። አትጠገብ ጥርሷን ነከሰች።

እርግጥ ነው፣ ለማያውቀው ማገዶ ይመስላል። ቅርፊቱ ያልተላጠ፣ በጭስ የጠቆረ፣ አንድ ጫፉ እንደ ቡጢ ያበጠ ቁራጭ ሁሉ። ያን እብጠት ፍለጋ አባቷ ስንት ገደል እንደወረደ እሷ ናት የምታውቀው።

ጣሊያን የኮምቦልቻን መንገድ ሲያሰፋ፣ ሐረጎ ዳገት ላይ የሚቆፍሩት ሠራተኞች ዛቢያ እየተሰበረባቸው ወደ ቀለሙ ይመጡ ነበር። ቀለሙም ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው አደረገ። የእንጨቱን ጫፍ ከዶማው ብረት ቀዳዳ አስገባ፣ ሰነጠቀው፣ በስንጥቁ ሽብልቅ መታበት። በደሴ ጉምና ብርድ የተመታ ሽብልቅ በጉጠት ቢጎተት አይወጣም። «የኔን ዛቢያ የሚያወልቅ አልተወለደም» ይል ነበር ያኔ። ያኔ ይስቅም ነበር።

ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ሲወርድ ግን እንጨቱ ደረቀና ሟሸሸ፤ ሽብልቁም ላላ። አንድ ቀን የመንገድ ሠራተኛው እንድሪስ ዶማውን ወደ ላይ ሲያነሣ ብረቱ ወልቆ አለት ላይ ወደቀ፤ የአለቱ ፍንጣሪ ግራ ዓይኑን አጠፋው።

እንድሪስ ራሱ ነበር ዓይኑን በጨርቅ እንደጠቀለለ ደሴ ድረስ የመጣው።

«ቀለሙ፣ እኔ አልተቀየምኩህም። የአሏህ ቀደር ነው።»

«ቀደር አይደለም» አለ አባቷ። «ሽብልቅ ነው።»

ከዚያች ቀን ወዲያ አብሮት መኖር መከራ ሆነ። ሽብልቅ የሚባል ነገር ከቤቱ አስወጣ። የጽድ ዛቢያ ሞከረ፣ በአጭሩ ተቀነጠሰ። ባሕር ዛፍ ሞከረ፣ ተሰነጠቀ። አንዳንዴ የጠረበውን ሁሉ ሰብስቦ ገደል ይከተውና ለቀናት አያናግራትም። መጨረሻ ላይ ነው ያን ያገኘው፤ ለጋ ወይራ ከሥሩ ጋር ሲነቀል ግንዱ ከሥሩ የሚጋጠምበት ቦታ ያብጣል። ያ እብጠት የዛቢያው ራስ ይሆናል። ብረቱ ከጭራው ገብቶ ወደ ላይ ይንሸራተትና እብጠቱ ላይ ሲደርስ ይቆማል። በመቱ ቁጥር ይጠብቃል እንጂ አይላላም፤ እንጨቱ ቢደርቅም ብረቱ የዛቢያውን ራስ አልፎ የሚሄድበት መንገድ የለውም። ብቻ እንዳይሰነጠቅ ከነቅርፊቱ፣ ከምድጃው ጭስ በላይ፣ ሁለት ዓመት መሰቀል አለበት።

ሁለተኛው ነገር ውፍረቱ ነው። ቀለሙ ለማንም ዛቢያ ሲያወጣ መጀመሪያ እጁን ይለካል። ሁለት ጣቱን ያስጨብጠውና «ጨብጥ!» ይለዋል፤ የሰውየው ጣቶች መዳፉ ላይ የት እንደደረሱ አይቶ ልኩን ይይዛል። ለእጅ የቀጠነ ዛቢያ ያቆስላል፣ የወፈረ ያመልጣል። እሷ ግን እንድትለካ አልፈቀደላትም። ሴት ልጅ ቁጭ ብላ የቀን ሠራተኛ እጅ ስትጨብጥ ልትውል? ነውር ነው። ስለዚህ ከራሷ መዳፍ ሌላ ልክ አልነበራትም፤ የምታወጣው ሁሉ ይቀጥናል። እሱ ደግሞ እያነሣ፣ እያሸተተ፣ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ እየመታ ይሰብረዋል።

«ይኼ ለማን እጅ ነው?»

«ልኩን ንገረኛ!»

«ልክ አይነገርም፤ ይጨበጣል።»

«እንዳልጨብጥ የከለከልከኝ አንተ አይደለህ?»

ዓመት ከዓመት ይኸው ነበር። ባለፈው ሁዳዴ ከቆጡ ቀድሞ የደረቀ አንድ አውርዳ፣ ጠርባ፣ በጠርሙስ ስባሪ ፍቃ፣ በሞራ አሽታ ሰጠችው። ደጋግሞ ድንጋዩ ላይ መታው። አልተሰበረም። አገላብጦ አየውና ግድግዳው ላይ አስደገፈው። በማግስቱ ከቦታው አጣችው። እምቢ ሲለው ምድጃ ከተተው ብላ አኮረፈች፤ አልጠየቀችውም፣ አልነገራትም። እንደተኳረፉ ታመመ፣ እንደተኳረፉም ሞተ። እንባዋን ያነቀው ይኼ ነው። ያኮረፉት ሰው ሲሞት በምን አፍ ይለቀስለታል?

«ያረቢ! ምን እያደረጋችሁ ነው እናንተ!»

የእንድሪስ ድምፅ ነው። ትናንት ጉድጓዱን ሲቆፍር ውሎ ከዘመድ ቤት አድሮ፣ ዛሬ ከኮምቦልቻ የመጡትን ጓደኞቹን ይዞ በጓሮ በኩል እየገባ ነበር። ቀጥሎ የሴቶች ጩኸት፣ የብረት ድስት መንኳኳት፣ ከዚያ የሞላ ድምፅ ተሰማ።

«ሰውዬ፣ ከእሳት ውስጥ እጅህን! አብደሃል?»

«ሞላ፣ ይኼ እኮ ማገዶ አይደለም!»

«ሥራሥር ነው! ለወንድሜ ለቅሶ ሥራሥር ባነድ ማን ከልካይ አለኝ?»

ጥቂት ቆይቶ እንድሪስ እጁ በጥላሸት ጠቁሮ ዳሱ ውስጥ ገባና ከፍራሹ ጫፍ ቁጢጥ አለ።

«አብሽሪ፣ አትጠገብ። አሏህ ሰብሩን ይስጥሽ። ግማሹ ተርፏል።»

«ግማሹ ነደደ በለኛ፣ አያ እንድሪስ።»

«እሱንም ማለት ይቻላል» አለ፤ ሊዋሻት አልፈለገም።

ፊቷን ልትታጠብ ነው ተብሎ በሁለት ሴቶች ታጅባ ወደ ጓሮ ወጣች። ፈንታሁን፣ ፈላጩ ጎረቤት፣ ምሳሩን ከጀርባው ደብቆ ቆሟል። ምን ትበለው? ሊረዳት ነው የመጣው፤ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ የለፋው ለእሷው እንግዶች ነው። በለቅሶ የሚያግዝን ሰው አይቆጡም። ይኼም አንጀቷን አሳረራት። የተረፉትን እየነካካች አንዱን ከአንዱ ለየች። የተሰነጠቀው ወደዚያ፣ ጭራው ብቻ የተለበለበው ወደዚህ። ለአንድ ክረምት ቀለብ ይበቃ ይሆናል። ላይበቃም ይችላል።

ግድግዳው ሥር መቃብሩ የተቆፈረባቸው መሣሪያዎች ታጥበው ተደግፈዋል። እጇን ለማሳረፍ አንዱን ዶማ ያዘች። ዛቢያው መዳፏ ውስጥ ልክክ አለ።

ዘወር ብላ አየችው። ራሱ ያበጠ ነው፤ ሽብልቅ የለውም። በጠርሙስ ስባሪ ስትፍቅ እጇ ያዳለጣት ቦታ ላይ የቀረችው ጭረት ሳትቀር አለች።

«ይኼ የማን ነው?»

«የኔ ነው» አለ እንድሪስ። «ሁዳዴ ላይ አባትሽ በእግሩ ኮምቦልቻ ድረስ ይዞልኝ ወረደ። ‹ቀለሙ፣ ይኼ ቀጠነብኝ› ብለው ‹እጅህ ነው የወፈረው› አይለኝ መሰለሽ!»

«ሌላ አላለህም?»

«‹ይኼ አይወልቅም፤ በዚህ የቀረችህ ዓይን አትጠፋም› አለኝ። ወላሂ አልወለቀም። እጄንስ አቁስሎኛል። ትናንት የእሱንም ጉድጓድ የቆፈርኩት በዚሁ ነው።» የእጁን ጥላሸት እየጠረገ ጨመረ። «ሲሄድ ደግሞ ዘወር ብሎ ‹ልኩን እስክታገኝ ታገሣት› አለኝ።»

አትጠገብ ዛቢያውን እንደያዘች ቀረች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ የመጣባት ግን ንዴት ነው። ለእንድሪስ የነገረውን ለእሷ ቢነግራት አፉ ይቆረጥ ነበር? ቁልቁለት ወርዶ፣ ዳገት ወጥቶ፣ ቤት ገብቶ ከፊቷ ሲቀመጥ አንዲት ቃል? አሁን በማን ላይ ትጮሃለች? ዶማውን መልሳ አስደገፈችና ፊቷን ሳትታጠብ ወደ ዳሱ ተመለሰች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሩቁም የቅርቡም ሰው መሰናበት ጀመረ። ወንዶቹ በተራ እየመጡ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ይዘረጉላታል። «እግዚአብሔር ያጽናሽ።» «አሏህ ያጽናሽ።» የመንገድ ሠራተኞች፣ ድንጋይ ፈላጮች፣ ገበሬዎች። አትጠገብ የተዘረጋላትን እጅ ሁሉ ስታይ አንድ ነገር ገባት። ይህን ሁሉ እጅ ስትጨብጥ ማንም ነውር አይላትም።

ለፈንታሁን የሰጠችው ሁለት ጣቷን ብቻ ነበር።

«ጠበቅ አድርገው» አለችው በሹክሹክታ።

ፈንታሁን ግራ ገብቶት ጠበቅ አደረገ። ጣቶቹ የደረሱበትን አየችና ለቀቀችው። ለቀጣዩም እንዲሁ፣ ለዚያኛውም እንዲሁ። አንዱ ጣተ አጭር ነው፣ ሌላው መዳፈ ሰፊ። እንድሪስ ገና ሁለቱን ጣቶች ሲያይ ነገሩ ገብቶት፣ ዶማ እንደሚይዝ አድርጎ ጨበጠላት። ለካስ እውነትም እጁ ወፍራም ነው።

«አሁን ገና ሐዘኑ ገባት» አለች ከኋላ አንዷ። «ከሰው እጅ መላቀቅ አቃታት።»

በመጨረሻ አጎቷ መጡ። ሊሄዱ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ እጅ ሲሰጥ እሳቸውም ሰጡ እንጂ። «በይ እንግዲህ ልጄ፣ ለእንጨቱ አትዘኚ። ገራዶ ሞልቷል።»

«ገራዶ አልሄድም፣ አጎቴ። ጠበቅ ያድርጉት።»

«ምኑን?»

«ጣቴን።»

ሞላ ጨበጡ። አትጠገብ እንደ ሌሎቹ ሁሉ የጣቶቻቸውን ጫፍ አየች። ከዚያ ቀና አላለችም። ይህን ልክ ታውቀዋለች። ዓመታት ሙሉ አባቷ ለሥራ ሲወጣ የምታቀብለው፣ ሲገባ የምትቀበለው የመጥረቢያው እጀታ ውፍረት ነው፤ በሁለት እጇ ካልሆነ የማይያዝላት። የወንድማማች እጅ ነው፤ አንድ ነው። የሀገሩን ሠራተኛ ሁሉ የለካው ሰው የራሱን እጅ አንድ ቀን አላስጨበጣትም።

«ልጄ፣ ጣትሽን አሳመምኩሽ?» አሉ ሞላ፣ እጃቸው ላይ ትኩስ ጠብታ ሲወድቅባቸው።

አትጠገብ ራሷን ወዘወዘች። ሊለቋት ሲሉም በሌላው እጇ መዳፋቸውን መልሳ በጣቶቿ ላይ ዘጋችው።