ሃያ ሁለት ወጥመዶች

ዓሣ አጥማጁ ሊዮን እንደሚለው፣ የጥናት መርከቧ ሎብስተር የተባለውን የባሕር እንስሳ የሚይዝባቸውን ሃያ ሁለት ወጥመዶች ገመድ በጠራራ ፀሐይ በጣጥሳ፣ ጥሩምባዋን ነፍታበት አልፋለች። በመርከቧ መዝገብ መሠረት ደግሞ ያን ዕለት ባሕሩ በጭጋግ ተሸፍኖ ነበር፤ ወጥመድ የሚባል ነገር አልታየም፤ ጥሩምባውም የተነፋው ለጭጋጉ ነው።

መርዕድ የሊዮንን አቤቱታና የመርከቧን መዝገብ ካልጋሪ፣ ማርልቦሮ ሰፈር በሚገኘው ቤቱ፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግቷቸዋል። ኖቫ ስኮሺያ ባሕር ውስጥ ሊተከሉ የታቀዱትን ስልሳ የነፋስ ተርባይኖች ከአካባቢው ሰው ጋር ማስማማት የእሱ ሥራ ነው፤ ባሕሩ ግን ከካልጋሪ የአንድ አገር ስፋት ይርቃል። ሊዮን ዛሬ ካልታረቀ ለተርባይኖቹ ባሕሩን የምታጠናው መርከብ ወደ ሌላ ሥራ ትሄዳለች፤ የመርዕድ የሦስት ዓመት ልፋትም አብሯት ይሄዳል።

አለቃው ሳምሪ ማለዳ ደውላ አስጠንቅቃዋለች። «ሶሪ እንዳትል። ጥፋቱን ያመንን ይመስላል።» እግሩን የተረገጠ ሰው ጭምር ሶሪ በሚልበት ከተማ ይህ ቀላል ትእዛዝ አልነበረም።

ሳምሪም የገባችበት የቪዲዮ ስብሰባ በተጀመረ በአምስተኛው ደቂቃ ሊዮን መጮህ ጀመረ። ከምድር ቤቱ የመርዕድ ሚስት አጎት ብቅ አሉ፤ የሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪን ግማሽ ባልና ሚስት ያስታረቁት ጋሼ መንገሻ።

«ማነው የሚጮኸው?»

«ሚቲንግ ላይ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ይሄማ ጠብ ነው። ወንበር አምጣ።»

ካሜራው ፊት ተቀመጡ። መጀመሪያ ሊዮን ሳይቋረጥ እንዲናገር አዘዙ። ሊዮን ከአባቱ ጀልባ ተነስቶ ወጥመዶቹ ጋ እስኪደርስ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። መርዕድ ሁሉንም ተረጎመላቸው።

«ተነስና ይቅርታ በለው» አሉ ጋሼ መንገሻ።

«ጥፋቱ የእኛ መሆኑ ገና አልተረጋገጠም እኮ።»

«ታናሹ ማነው?»

«እኔ።»

«ታዲያ ሌላ ምን ይረጋገጥ?»

ሊዮን ሽማግሌው ምን እንዳሉ ጠየቀ። መርዕድ አጣምሞ መተርጎም አይሆንለትም፤ ቃል በቃል ነገረው። ሊዮን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

መርዕድ ጭጋጉን አሰበ። ወጥመድ አለመታየቱ፣ በጭጋግ ውስጥ፣ ወጥመድ አለመኖሩን አያሳይም። ተነሳ። ካሜራው ሆዱን ብቻ ስለሚያሳይ ጎንበስ ብሎ «ሶሪ፣ ሊዮን» አለ። በስክሪኑ ጥግ የሳምሪ ምስል ድርግም ብሎ ጠፋ።

ሊዮን ጢሙን አሻሸ። «እሺ፤ ነገ ቢደግሙትስ ማንን ልያዝ?» አለ።

ጋሼ መንገሻ ትርጉሙን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ሰውየው ወግ ያውቃል። «ዋስ ጥሩ ማለቱ ነው» አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ፤ «ባሕሩ ጥልቀቱ ስንት ነው?»

«ሰባ ሜትር ይሆናል።»

አማተቡ። ጃኬታቸውን እስከ አገጫቸው ቆለፉና ወደ ካሜራው ቀረቡ።

«በለው እንግዲህ፤ ዋሱ እኔ ነኝ። ጥናቱ እስኪያልቅ መርከቧ ላይ እቀመጣለሁ።»